የቡርቃ አዲ ውሃ እና የሩቅ አገር ውል

ከገለምሶ ለቅሶ ደርሼ ወደ ጭሮ ስመለስ የገጠመኝን ነው የማወጋው። ወሩ ሐምሌ ነበር፤ ዝናቡ ሦስት ቀን ሙሉ አላባራም። የተሳፈርኩባት ሚኒባስ ኩኒን አልፋ ጥቂት እንደሄደች ቆመች። ከፊታችን ጫት የጫነ አይሱዙ ጭቃ ውስጥ ተሰንቅሮ መንገዱን ዘግቶታል። ሾፌራችን ወርዶ አየና፣ «ትራክተር እስኪመጣ መጠበቅ ነው፤ ሻይ ቤት ግቡ» አለን።

ስሜ አሰግድ ይባላል። ሠላሳ ዓመት በፍርድ ቤት አስተርጓሚነት ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ጭሮ ከመሥሪያ ቤቶቹ ፊት ለፊት ጠባብ የትርጉምና የጽሕፈት ቤት ከፍቻለሁ። የሰው ቃል ሲያመላልስ የኖረ ሰው የራሱን ቃል መናገር ይረሳል። ከሳሽ ሲዋሽም፣ ተከሳሽ ሲያለቅስም፣ የእኔ ሥራ ቃሉን ማሻገር ብቻ ነበር። ይህ ልማድ ከጡረታ በኋላም አልለቀቀኝም።

በሻይ ቤቱ በረንዳ አጠገቤ የተቀመጡት ወይዘሮ ዘውድነሽ ነበሩ። ባለቤታቸው ቡርቃ አዲ ጤና ኬላ ድሬሰር ሆነው ሲመደቡ አብረው መጥተው፣ ባለቤታቸው ካረፉም በኋላ እዚያው የቀሩ የስድሳ ስምንት ዓመት ሴት ናቸው። ቡርቃ አዲ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ያለች መንደር ስትሆን ስሟን ያገኘችው ከምንጯ ነው፤ በአማርኛ ነጭ ምንጭ ማለት ነው። እትዬ ዘውዴ የዚያን ምንጭ የውሃ ኮሚቴ አስራ አንድ ዓመት መርተዋል። ለምስክርነት ፍርድ ቤት ሲመጡ ስለማውቃቸው ሰላምታ ተለዋወጥን።

«ደከመኝ፣ አቶ አሰግድ» አሉኝ፤ እጃቸውን በሻዩ ብርጭቆ እያሞቁ። «ነገ ጠዋት ጭሮ አዳራሽ ገብቼ የኮሚቴውን ማኅተም ላድርግላቸውና ከዚህ ጣጣ ልውጣ።»

የትኛውን ወረቀት እንደሚሉ ገብቶኛል። ከመንደራቸው በላይ ባለው ኮረብታ ሰዉ ዳጋ ጉራቻ የሚለው ጥቁር ድንጋይ አለ። ግራፋይት ይሉታል የተማሩት፤ እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁሩ ነገር ነው። ዛሬ ግን የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ያለ እሱ አይሠራምና የሩቅ አገሮች ይፈልጉታል። ወሳኝ ማዕድን ብለው ከመንግሥታችን ጋር ስምምነት ተፈራርመዋል፤ አንድ ኩባንያም ሊያወጣው መጥቷል። ከመጨረሻዎቹ ወረቀቶች አንዱ የውሃ ተጠቃሚዎች ተስማምተዋል የሚለው ቃለ ጉባኤ ነው። ይህን ሁሉ የማውቀው በአጋጣሚ አልነበረም፤ ግን ዝም አልኩ።

በዚህ መሐል ከኋላችን ከቆመው ሌላ ሚኒባስ አንድ ወጣት ከባድ ባትሪ በላስቲክ ጠቅልሎ ተሸክሞ ወደ በረንዳው ወጣ።

«አሰላሙ ዓለይኩም! እማማ ዘውዴ! ደህና ነዎት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንተ ሑዘይፋ፣ ይኸን ብረት ተሸክመህ ነው የምትዞረው?»

«ባትሪ ነው እማማ። በዴሳ ለአንድ ክሊኒክ ሸጬው አስቸገረና ላሠራው ነው።»

የሑዘይፋ አባት ከስልጤ መጥተው ጭሮ ሱቅ የከፈቱ ነጋዴ ናቸው። እሱ ጂኦሎጂ ተምሮ ሁለት ዓመት ደቡብ ውስጥ በአንድ የማዕድን ማውጫ ሠርቷል። አሁን ያን ትቶ የፀሐይ መብራትና ባትሪ ይሸጣል፤ የቡርቃ አዲን የውሃ ፓምፕ የተከለውም እሱ ነው። እትዬ ዘውዴ ቦታ ለቀውለት አጠገባቸው አስቀመጡት።

«አንተ የድንጋይ ትምህርት ተምረህ የለ? እንግዲህ ደስ ይበልህ። ሦስት ጊዜ አስጠርተውኛል፤ ነገ ለዳጋ ጉራቻው እፈርምላቸዋለሁ።»

የወጣቱ ፊት ሲለወጥ አየሁ። «ምን ላይ ነው የሚፈርሙት?»

«ተመካክረን ተስማምተናል የሚል ቃለ ጉባኤ ላይ።»

«ተመካከራችሁ?»

«ስብሰባ ጠሩን፣ ሄድን። የታሸገ ውሃ ሰጡን። ፊልም አሳዩን። ተናግረው ተናግረው ሄዱ። ምክክር ማለት ይኸ ካልሆነ እኔ አላውቅም።»

«ወረቀቱንስ አንብበውታል?»

«ሁለት ገጽ ነው፣ አነበብኩት። ጥሩ አማርኛ ነው።»

እዚህ ላይ አንገቴን ደፋሁ። ያንን አማርኛ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከመሥሪያ ቤቱ፣ የእንግሊዝኛውን ሰነድ በሁለት ገጽ አሳጥረህ ተርጉም ተብዬ፣ አሳጥሬ ተርጉሜያለሁ።

«እማማ» አለ ሑዘይፋ በዝግታ፣ «አይፈርሙ አልልዎትም። ሳይጠይቁ አይፈርሙ ነው የምለው።»

«ማንን ልጠይቅ ልጄ? ነገሩ እኮ እላይ ያለቀ ነው። በቴሌቪዥን አላየህም? ባንዲራ ከባንዲራ ጎን ቆሞ፣ የእኛም ሰዎች ፈረንጆቹም ሲጨባበጡ? መንግሥትና መንግሥት የተዋዋለውን ዘውድነሽ የተባለች የድሬሰር ሚስት ታፈርሰዋለች? ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ።»

«ስምምነቱን ያፍርሱ አላልኩም። ግን እነዚያ ድንጋዩን የሚገዙት አገሮች የራሳቸው ሕግ አላቸው። መኪና ፋብሪካቸው ባትሪ ሲገዛ፣ ግራፋይቱ በወጣበት አገር ያለው ሕዝብ ተስማምቷል ወይ፣ ውሃውስ ደህና ነው ወይ ተብሎ ይጠየቃል። መልሱን የሚያሳዩት በወረቀት ነው። ያ ወረቀት የእርስዎ ቃለ ጉባኤ ነው። ባይፈልጉዎት ኖሮ ሦስት ጊዜ ያስጠሩዎት ነበር?»

እትዬ ዘውዴ ይህን ሲሰሙ አልተደሰቱም። እንዲያውም ሸክም የተጨመረባቸው መሰሉ።

«ስማ ልጄ። ለመንገዱ ጠጠር ሊያወጡ የመጡ ጊዜ ሁለት ዓመት ተሟግቻለሁ። ጫማዬ እስኪያልቅ ተመላልሻለሁ፤ ዛሬ ነይ፣ ነገ ነይ እያሉ። በመጨረሻ ጠጠሩም ወጣ፣ የጎረቤቴ የአዳነች ቤት ግድግዳም በድማሚቱ ተሰነጠቀ፣ እኔም ፀረ ልማት ተባልኩ። ይኸው መንገዱም እኛም ጭቃ ላይ ነን። ደግሞስ የልጆቹን ነገር አስብ። ባለፈው ዓመት ብቻ ዘጠኝ ልጆች በጅቡቲ አድርገው ከመንደራችን ወጡ። የጎረቤታችን የሰርካ ልጅ ከጅቡቲው ኦቦክ፣ ከባሕሩ ዳርቻ ደወለ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። እሷ ዛሬም ስልኩን በጡቷ ስር ይዛ ነው የምትተኛው። ድንጋዩ ሥራ ያመጣል ካሉ፣ ተሸክሜ እሰጣቸዋለሁ እንጂ ምን ብዬ እከለክላለሁ?»

ሑዘይፋ ባትሪውን ከእግሩ ሥር አስቀመጠ።

«ለሰርካ ልጅ የምለው የለኝም» አለ። «የራሴን ልንገርዎት። ደቡብ በነበርኩበት ቦታ ሰዉን ስብሰባ ጠራን። ሲገቡ በር ላይ ስም እየጻፍን አስፈረምናቸው፤ መገኘታችሁን ለማወቅ ነው አልናቸው። ከስድስት ወር በኋላ ያንኑ ዝርዝር ከውሉ ጋር ተያይዞ አየሁት፤ ከላዩ ‹የኅብረተሰቡ ስምምነት› ተብሎ ተጽፎበታል። ዝርዝሩን እያዞርኩ ያስፈረምኩት እኔ ነኝ፣ እማማ። ሥራ መጣ፤ አልዋሽም። ጥበቃና ጫኝ ሆኑ። ድንጋዩ ግን ሳይታጠብ ሳይፈጭ በኮንቴይነር ወጣ፤ እውቀት ያለበት ሥራ ሁሉ አብሮት ባሕር ተሻገረ። ሁለት የውሃ ጉድጓዶች ደረቁ። ሰዎቹ አቤት ሲሉ ፊርማችሁ ይኸው ተባሉ።»

«አንተስ ምን አደረግህ?»

«ሥራውን ለቀቅሁ። ደከመኝ።»

«በሃያ ሰባት ዓመትህ?»

«በሃያ አምስት ነው የደከመኝ።»

እትዬ ዘውዴ ሳይወዱ ፈገግ አሉ። የሻይ ቤቱ ባለቤት በወተት የተፈላ የቡና ገለፈት፣ ሆጃ የሚሉትን፣ ለሦስታችንም ቀዳችልን። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ በረታ።

«ዓለምን ከሙቀት ለማዳን ነው ይላሉ» አሉ እትዬ ዘውዴ ቀጥለው። «ጭሱን ለማስቀረት። ውሸት ነው?»

«እውነት ነው። በሐረር መንገድ ድምፅ ሳያሰሙ የሚያልፉት መኪኖች ያለ ግራፋይት አይሄዱም። ይኸ ባትሪም እንደዚያው። የእናንተ ፓምፕ በናፍጣ ቢሆን ኖሮ ስንት ቀን ይቆም ነበር? ነገሩ ክፉ አይደለም፤ ስለዚህ ነው ከልማቱ ጋር ተጣሉ የማልልዎት። ግን ለዓለም የሚበጅ ነገር ቡርቃ አዲን ማስጠማት አለበት ያለው ማነው? ‹አጋርነት› ብለው ጽፈዋል አይደል? አጋር ከሆንን አጋር ይጠይቃል።»

«ወረቀቱ እኮ ስለ ውሃው ክፉ አይልም። ‹ፕሮጀክቱ ውሃን በቁጠባ ይጠቀማል› ነው የሚለው።»

«ይኸ አሳጥረው የጻፉት ነው። ዋናውን ያየ ሰው ያስፈልገን ነበር።»

ልክ በዚህ ጊዜ ትራክተሩ ከታች ሲመጣ ድምፁ ተሰማ። ዝም ብዬ ሚኒባሷ ውስጥ ብገባ ኖሮ የሚያውቅብኝ አልነበረም። ሰውን ግን አንዳንድ ጊዜ ዝምታውም ያደክመዋል።

«ዋናው እኔ ዘንድ አለ» አልኩ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ቦርሳዬን ከፍቼ፣ ከትርጉሙ ሥራ ወዲህ አብሮኝ የሚዞረውን ስልሳ አራት ገጽ አወጣሁ። ከፊት የመንግሥታቱ ስምምነት ነው፤ ቀጥሎ የኩባንያው ውል፣ መጨረሻ ላይ ቡርቃ አዲን የሚመለከተው አባሪ። ምስጢር ነው ያለኝ ሰው አልነበረም፤ ያነበዋል ብሎ የጠረጠረ አለመኖሩ ብቻ ነው። ገጽ አርባ አንድን ገልጬ ቃል በቃል ተረጎምኩላቸው።

«ባለፈቃዱ ለማዕድን ማጠቢያ ከቡርቃ አዲ ምንጭ በሰከንድ እስከ አራት ሊትር ውሃ፣ ለሃያ አምስት ዓመት፣ በቅድሚያ የመጠቀም መብት ይኖረዋል።»

«አራት ሊትር ምን አላት?» አሉ እትዬ ዘውዴ። «እኛ በጀሪካን ነው የምንቀዳው።»

«በሰከንድ ነው እማማ» አለ ሑዘይፋ። «ባለ ሃያ ሊትሩን ጀሪካን በአምስት ሰከንድ ይሞላል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፤ ሞላ። ሳያቋርጥ፣ ቀንና ሌሊት።»

እትዬ ዘውዴ ብርጭቆውን አስቀመጡ። «በነሐሴ ምንጩ ሁሉ የሚወጣበት ቧንቧችን ጀሪካኑን ሦስት ስቆጥር ይሞላዋል» አሉ። «በየካቲት ግን አስር እቆጥራለሁ።»

«እንዴት ነው የሚቆጥሩት?»

ጣታቸውን እያጠፉ እስከ አስር ቆጠሩ። ሑዘይፋ በስልኩ ለካው። አስር ሰከንድ ከሽርፍራፊ ነበር።

«ይህ ማለት በየካቲት ምንጩ የሚሰጠው በሰከንድ ሁለት ሊትር ነው» አለ።

«እነሱ ደግሞ አራት ይወስዳሉ።»

«በቅድሚያ።»

የኩባንያው ባለሙያዎች ምንጩን መቼ እንደለኩት ሑዘይፋ እትዬ ዘውዴን ጠየቃቸው። ባለፈው ዓመት ፍልሰታ ፆም ላይ፣ በነሐሴ እንደሆነ መለሱ። የለካው ሰው ምናልባት ክፉ አልነበረም፤ የመጣበትን ወር ለክቶ ሄዷል። በየካቲት ምንጩ ዘንድ ቆማ የምትቆጥረውን ሴት የጠየቃት ግን የለም።

«ይኸን እያወቁ ለምን አልነገሩኝም፣ አቶ አሰግድ?»

«አስር መቁጠርዎን አላውቅም ነበር። አራት ሊትሩን ግን አውቅ ነበር። ደክሞኝ ነው፣ እትዬ ዘውዴ» አልኩ።

«ሁላችንም ደክሞናል» አሉ ቀስ ብለው። «እነሱ ግን አልደከማቸውም።»

መንገዱ ተከፍቶ ሚኒባሷ ስትነሳ ሦስታችንም አንድ ወንበር ላይ ተጠጋግተን ተቀመጥን። እስከ ጭሮ ድረስ እትዬ ዘውዴ ጥያቄ ጠየቁ፤ ሑዘይፋ ሲመልስ እኔ ጻፍኩ። ጉድጓድ ከቆላው በኩል ቢቆፈር ውሃ ይገኛል ወይ? የምንጩ ውሃ ቢቀንስ ሥራው ይቆማል ወይ? ድንጋዩ እዚሁ ቢፈጭ ለልጆቹ የሚማሩት ሙያ ይተርፋቸዋል ወይ? ድካማቸው ከቅድሙ የቀነሰ አልመሰለኝም፤ ግን ቀና ብለው ተቀምጠው ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት አዳራሹ ውስጥ ሰላሳ የሚሆን ሰው ተቀምጧል። ሰብሳቢው ቃለ ጉባኤውን ገፋ አድርገው እትዬ ዘውዴን ማኅተም ጠየቋቸው። እሳቸውም ተነሡና፣ «ጌታዬ፣ መጀመሪያ ገጽ አርባ አንድ ይነበብልኝ» አሉ።

«የቱ ገጽ አርባ አንድ? ሰነዱ ሁለት ገጽ ነው።»

«ዋናው ስልሳ አራት ነው አሉ።»

ሰብሳቢው በትዕግሥት ፈገግ አሉ። «እማማ፣ ይህ እኮ በመንግሥታት ደረጃ ያለቀ ጉዳይ ነው። አገር የገባችው ቃል ነው።»

«ያለቀ ከሆነ የእኔ ማኅተም ምን ያደርግላችኋል?»

ሰብሳቢው ወደ ኩባንያው ተወካይ ዞሩ፤ ሚስጥር የምትባል ጨዋ ወጣት ነበረች። እሷም ኮምፒውተሯን ከፍታ ጥቂት ፈለገችና ፊቷ ቀላ። «ገጹ አለ» አለች። በዚህ ጊዜ እኔም ተነሣሁ። ሁለቱን ገጽ የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩና የውሃውን መጠን እንደተውኩት ተናግሬ፣ ገጹን በአማርኛም በኦሮምኛም አነበብኩ። በዘመኔ ማንም ሳያዘኝ በአደባባይ ስተረጉም ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

እትዬ ዘውዴ ቀጠሉ። «እኔ ሥራውን አልጠላሁም። የእናንተ ሰው በነሐሴ ለካ፤ እኔ ደግሞ አስራ አንድ ዓመት በየካቲት ለካሁ። በየካቲት መጥታችሁ አብረን እንለካ። ከዚያ እፈርማለሁ።»

ከኋላ አንድ ሰው «ይኸ ፀረ ልማትነት ነው!» ብሎ ጮኸ። እሳቸው ዞረውም አላዩት፤ ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው ማኅተሙን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ሚስጥር ግን ለአለቆቿ እንደምትጽፍ ቃል ሰጠች፤ ቃሏንም ጠበቀች። ያለዚያ ቃለ ጉባኤ ገዢዎቹ ድንጋዩን እንደማይቀበሏቸው ታውቅ ነበር።

ነገሩ በአንድ ስብሰባ አለቀ ብዬ አልዋሽም። ስምንት ወር ፈጀ። እትዬ ዘውዴ ጭሮ ድረስ ዘጠኝ ጊዜ ተመላለሱ፤ ሁለት ጊዜ አዳራሹ ተዘግቶ አገኙት፤ አንድ ጊዜ በብርድ ታመው ሆስፒታል ተኙ። ሑዘይፋ ሱቁን እየዘጋ አብሯቸው ሄደ። እኔ ከመሥሪያ ቤቶቹ የትርጉም ሥራ አጣሁ፤ እስከ ዛሬም አልተመለሰልኝም። በየካቲት ባለሙያዎቹ መጥተው ጀሪካኑን ከምንጩ ሥር አስቀመጡት፤ ሰዓታቸውን ይዘው ለኩ። አስር ሰከንድ ሆነ። ከዚያ በኋላ የተከራከረ የለም።

በተሻሻለው አባሪ መሠረት ኩባንያው ምንጩን አይነካም፤ ውሃውን ከቆላው በኩል በራሱ ከሚያስቆፍረው ጥልቅ ጉድጓድ ይወስዳል። ያጠበበትንም ውሃ አጣርቶ መልሶ ይጠቀምበታል። ምንጩን የመንደሩ ሴቶች በየወሩ ይለካሉ፤ ከተስማሙበት ልክ ከወረደ ሥራው ይቆማል። ሙሉው ውል በኦሮምኛና በአማርኛ ተተርጉሞ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ይገኛል፤ የፈለገ ገብቶ ያነበዋል። ሠላሳ አራት የመንደሩ ወጣቶች ተቀጥረዋል። ድንጋዩ እዚሁ ይፈጭ የሚለው ጥያቄ ግን «ወደፊት ይታያል» ተብሎ ቀረ፤ አሁንም ታጥቦ ሳይፈጭ ተጭኖ በጭሮ በኩል ያልፋል። የሰርካ ልጅም አልደወለም።

ከዚህ የተረዳሁትን ለአንባቢ ልናገር። ታላላቆቹ ስምምነቶች ከእኛ ርቀው፣ በማናውቀው ቋንቋ ይጻፉ ይሆናል። የሚፈጸሙት ግን በእኛ ኮረብታና በእኛ ምንጭ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ የእኛን እጅ ይፈልጋሉ። ያን ጊዜ የተማረ ሰው ያወቀውን አይደብቅ፤ ያልተማረም የሚያውቀውን አይናቅ። መጠየቅ ልማትን መጥላት አይደለም፤ ሳይጠይቁ መፈረም ግን ልጆችን ማስጠማት ሊሆን ይችላል።

ባለፈው ወር እትዬ ዘውዴን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ከአሰቦት በኩል ከቆላው የመጡ ሁለት ሽማግሌዎች ቤታቸው ተቀምጠዋል። በእነሱም አገር ድንጋይ ፈላጊ መጥቶ፣ ባለ ሁለት ገጽ ወረቀት ሰጥቷቸዋል። እትዬ ዘውዴ ወረቀቱን ለእኔ አቀበሉኝና እግራቸውን እያሹ፣ «እኔ እንግዲህ ደክሞኛል፤ አርጅቻለሁ፤ ሌላ ሰው ፈልጉ» አሏቸው። ሽማግሌዎቹ አልተነሡም።

«ስብሰባው መቼ ነው አላችሁ?» አሉ እትዬ ዘውዴ።

«ሐሙስ» አሏቸው።

«ወደ እናንተ የሚሄደው የመጀመሪያው መኪና በስንት ሰዓት ይነሣል?»